«አንቺ ደግሞ ተምረሽ ምን ልትሆኚ?» ለምትባል የማታ ተማሪ

ይህን የምጽፈው ቀን ሰው ቤት እየሠራች ማታ ደብተሯን ይዛ ለምትወጣ እህቴ ነው። ጥበቃ እየሠራ ወይም ሱቅ እየጠበቀ የሚማር ወንድሜም ቢያነበው ደስ ይለኛል። አሳምሬ የማውቀው ግን የቤት ሠራተኛዋን ኑሮ ስለሆነ ከእሷ ጋር ላውራ።

እኔ ከደቡብ ወሎ ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው። ሰው ቤት እየሠራሁ ማታ ተማርኩ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ገና በነበረበት ጊዜ ተፈተንኩ። ከዚያ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ አካውንቲንግ ተማርኩ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ፈተና አለፍኩ፤ አሁን በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። እሁድ እሁድ ለማታ ተማሪዎች ሒሳብ አስጠናለሁ። ልጆቹ ከሒሳቡ ይበልጥ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «ሁሉም ሰው አትችዪም ይለኛል። እችላለሁ ብዬ እንዴት ልመን?»

ሁልጊዜ የምመልስላቸው እንዲህ ብዬ ነው። የመተማመን ስሜት እስኪመጣልሽ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ። ማስረጃ ሰብስቢ። በእጇ ማስረጃ ያላት ልጅ የሰው አፍ ቶሎ አይጥላትም። እንዴት እንደሚሰበሰብ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ግን ማን እንደሚናገር ለዪ

«አትችዪም» ከብዙ አፍ ይወጣል። ምክንያቱ ግን ለየቅል ነው። ካልለየሽው ሁሉም እኩል ይከብድሻል።

አሠሪሽ «ማታ ማታ ምን ያንከራትትሻል፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ስትልሽ ብዙ ጊዜ የምታስበው ስለ ቤቷ ነው። ተምረሽ ከሄድሽ እንጀራውን ማን ይጋግራል? ልጁን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣል? ክፉ ሰው ላትሆን ትችላለች። ፍርሃቷ ግን ስለ አንቺ ችሎታ የሚናገረው ነገር የለም። ደላላው ደግሞ ገንዘብ የሚያገኘው ቤት ስትቀይሪ ነው። የምትማር ልጅ አንድ ቤት መርጋት ትፈልጋለች፣ ሰዓትም ትጠይቃለች። ስለዚህ «ትምህርት ትምህርት የሚሉ ልጆች ሥራ አያገኙም» ይልሻል። እናትሽ በስልክ «ልጄ፣ ይቅርብሽ» ስትል የእሷ ሌላ ነው። በጨለማ ብቻሽን ስትሄጂ ትታያታለሽ። የጎረቤቷ ሠራተኛ ደግሞ «እኔም ጀምሬው ነበር» ትልሻለች። እሷ የምታወራው ስለ ራሷ ቁስል ነው፤ እዘኚላት እንጂ አትቀየሚያት።

ከሁሉም የሚከብደው የአስተማሪ ነው። አንዳንዱ አስተማሪ የማታ ክፍል ሲገባ ገና ከበሩ ተስፋ ቆርጦ ነው። «እናንተ እኮ የምትማሩት ለስሙ ነው» ያለን ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ ደክሞት ይመጣል። ከፊቱ ግማሹ ተማሪ ከእንቅልፍ ጋር ይታገላል። ድካማችንን አይቶ ስንፍና ነው ብሎ ፈረደ። እንደዚያ መባል እንደሚያም አውቃለሁ፤ ሳምንት ሙሉ ከጆሮ አይወጣም።

ለእነዚህ ሁሉ አንዲት መለያ ጥያቄ አለችኝ። «ይህ ሰው ደብተሬን አይቶ ያውቃል?» ካላየ ጆሮ ዳባ ልበስ በዪ። ካየ ግን ቃሉ ቢመርሽም ስሚው። «እንግሊዝኛሽ ደካማ ነው፣ ያለፈ ጊዜ ግሥ ላይ ትሳሳቻለሽ» ያለሽ ቲቸር አልናቀሽም። ከየት መጀመር እንዳለብሽ ነግሮሻል። ብዙ ልጆች ሁለቱን ይቀላቅሏቸዋል። እርማቱን እንደ ንቀት ቆጥረው ይከፋቸዋል፤ ንቀቱን ደግሞ እንደ እውነት ተቀብለው ትምህርቱን ይተዋሉ።

መልስ መስጠቱንስ? አትከራከሪ። ስለ ችሎታሽ ከአሠሪሽ ጋር ብትከራከሪ ቤቱ የእሷ ነው፣ የምትሸነፊው አንቺ ነሽ። «እሺ እትዬ፣ እስቲ ልሞክረው» ብለሽ ወደ ሥራሽ። ያን ጉልበት ለክፍሉ አስቀምጪው።

ሰዓትሽን ከመቀጠርሽ በፊት ተነጋገሪበት

ይህ ስለ በራስ መተማመን በሚወራበት ቦታ ሲነሳ አልሰማሁም። ለእኔ ግን ዋናው ነው። ሰዓት ከሌለሽ አትማሪም። ካልተማርሽ ደግሞ «አትችልም» ያሉሽ ሰዎች ልክ ይመስሉሻል፤ አንቺም ራስሽ ታምኛቸዋለሽ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ውል አይሸፍንም። ለፋብሪካ ሠራተኛ የተጻፈው በቀን የስምንት ሰዓት ገደብ አንቺ ጋ አይደርስም ማለት ነው። ዋናው መያዣሽ ስትቀጠሪ የተነጋገራችሁት ነው። ስለዚህ ደላላው ባለበት፣ ደመወዝ ከመቆረጡ በፊት ተናገሪ። «እማራለሁ» ብቻ አትበዪ፤ እሱን ሁሉም ይልና በኋላ ይረሳል። «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ክፍል ነኝ። 11 ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ። እራት ሠርቼ ነው የምሄደው፤ ስመለስ ዕቃ አጥባለሁ» በዪ። የተቆረጠ ሰዓት መካድ ይከብዳል። እኔ የተሻለ የሚከፍል ቤት ትቼ ሰዓት የሰጠኝ ቤት ገብቻለሁ። ዛሬም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ።

ከተስማማሽ በኋላ ቃልሽን ጠብቂ። ሽንኩርቱን ጠዋት ልጠሽ ከትፈሽ አስቀምጪ። ወጡ 10 ሰዓት ላይ ይድረስ። በጾም ሰሞን ቀለል ይላል፤ የበዓል ሰሞን ግን ለክፍል ያሰብሽው ሰዓት እንደሚሄድ ቀድመሽ ዕወቂው። ዶሮ የሚሠራበት ቀን ለትምህርት ብለሽ ብትጣዪ አትጠቀሚም። እሱን ቀን ስጪያቸውና ለፈተና ሳምንት ሌላ ቀን ጠይቂበት። የፈተናውን ቀንም ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው፤ በዋዜማው ከነገርሻቸው እንግዳ ጠርተው ይሆናል።

የማስረጃው ደብተር

አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዢ። የክፍል ማስታወሻ አይጻፍበት። ገጹን መሐል ለመሐል አስምሪው። ከግራው አናት ላይ «አቃተኝ» ብለሽ ጻፊ፣ ከቀኙ «ቻልኩት»። ክፍል ውስጥ ያልገባሽን ሁሉ ከነቀኑ በግራ በኩል አስፍሪ። ስታሰፍሪ ግን አጥብበሽ ይሁን። «ሒሳብ አቃተኝ» ተብሎ አይጻፍም። ሒሳብ ሰፊ ነው፤ ለአስተማሪውም የሚያቅተው ሒሳብ አለ። የትኛው ሒሳብ? የትኛው መስመር ላይ ስትደርሺ ነው የጠፋብሽ?

አንዲት የማስጠናት ልጅ 1/2 + 1/3 ስትሠራ 2/5 ብላ መጣች። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምራ። ብዙ ሰው እንዲህ ይሠራል። ቲቸሯ ኤክስ አድርጎበታል፤ ለምን እንደተሳሳተች ግን አልገባትም። ደብተሯ ላይ በግራ በኩል «ታቹ የተለያየ ክፍልፋይ መደመር» ብላ እንድትጽፍ አደረግኩ። ከዚያ ጠየቅኳት። «ግማሽ ኩባያ ሩዝ አለሽ። ሲሶ ጨመርሽበት። ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?»

«ይበልጣል።»

«2/5ስ? ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?»

ጣቷን አጥፋ ቆጠረች። ከአምስት ሁለት። ግማሹ ሁለት ተኩል ነው። «ያንሳል» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ሩዝ ጨምራ እንዴት ቀነሰ? እዚያው ያዘችው። ሁለቱንም ወደ ስድስተኛ ቀየርናቸው፤ 3/6 እና 2/6፣ ድምሩ 5/6። ቤቷ ሄዳ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ብቻዋን ሠራች። በሚቀጥለው እሁድ ስትመጣ በቀኙ በኩል ያንኑ ርእስ ከነቀኑ ጽፋዋለች። መጀመሪያ ያሳየችኝ እሱን ገጽ ነው።

ይህ ደብተር ለምን ያስፈልጋል? የቻልነውን ነገር ቶሎ እንለምደዋለን። ከወር በፊት ያለቀስሽበትን ዛሬ «ይሄማ ምን አለው» ትያለሽ። ያቃተሽ ግን ሁሌ ከፊትሽ ነው። ካልጻፍሽው ራስሽን የምትመዝኚው ባቃተሽ ብቻ ይሆናል። ያኔ የሌላው ሰው «አትችዪም» ከራስሽ ሐሳብ ጋር ይገጥምና እውነት ይመስላል። አንድ ሰው ክፉ ቃል ተናግሮሽ በተኛሽበት ሌሊት ቀኙን በኩል አንብቢው። ማንም ያበረታታሽ ሰው የጻፈው አይደለም፤ ሠርተሽ የጻፍሽው ነው።

በየቀኑ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ሲደክምሽ ተዪው፣ ነገ ትጽፊያለሽ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቀኝ በኩል የሚጻፈው ደብተር ሳታዪ ብቻሽን ከሠራሽው በኋላ ነው። ቲቸር ሲሠራ ተከትለሽ «ገባኝ» ያልሽው አይቆጠርም። ራስሽን በባዶ ካሞገስሽ ደብተሩ ያልቅለታል፤ በችግርሽ ቀን አታምኚውም።

የፈተና ወረቀቶችሽን፣ ካርድሽን፣ የምስክር ወረቀትሽን በአንድ ፕላስቲክ ክላሰር ሰብስቢ። ፎቶ አንስተሽ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪው። የቤት ሠራተኛ አንዳንዴ ድንገት ትወጣለች። ተጣልታ ትወጣለች፣ ሻንጣዋን ሳትይዝ ትወጣለች። እንደዚያ ሆኖ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዷን ያጣች ልጅ አውቃለሁ፤ ቅጂ ለማውጣት ብዙ ተመላልሳለች። መታወቂያሽን ደግሞ «እኛ ጋ ይቀመጥልሽ» ቢሉሽ እንኳ ኮፒውን ስጪያቸውና ዋናውን ራስሽ ያዢው።

ስለ ጥናት ሰዓት ብዙ አልልም፤ የየቤቱ ጠባይ ይለያያል። ለእኔ የሚበጀኝ ቤቱ ሳይነሳ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ነበር። ማታ ዕቃ አጥቤ ከተቀመጥኩ ዓይኔ ይከደናል። ቀን ደግሞ ቀመሮችን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሽርጤ ኪስ ውስጥ እይዝ ነበር። ምጣዱ እስኪሰማ አንድ ሁለቴ ይነበባል።

አንድ ሰው ይበቃሻል

ሁሉም እንዲያምንብሽ አትጠብቂ። ዕቅድሽንም ለሁሉም አትንገሪ። የምትነግሪው አንድ ሰው ፈልጊ። ያ ሰው የተማረ መሆን የለበትም። ገንዘብ የሚሰጥሽ መሆን የለበትም። «ዛሬስ ምን ተማራችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ይሁን፤ መልስሽንም የሚያዳምጥ።

እኔ ያገኘሁት የግቢውን ዘበኛ ነው። አባባ እላቸው ነበር። ማታ በሩን ሲከፍቱልኝ ሁልጊዜ «ዛሬስ ምን ተባለ?» ይሉኛል። መጀመሪያ ለወግ መስሎኝ «ደኅና ነው» ብዬ አልፍ ነበር። እሳቸው ግን አልተዉኝም። «እሱማ ደኅና ነው፤ ምን ተባለ ነው የምልሽ!» ስለዚህ መንገድ ላይ እያሰብኩ መምጣት ጀመርኩ። ዛሬ የተማርኩትን በምን አፍ ብዬ ብነግራቸው ይገባቸዋል? በኋላ ሳየው ትልቁ ጥናቴ እሱ ነበር። ፎቶሲንተሲስን ለእሳቸው ለማስረዳት በቆሎና ፀሐይ እያልኩ ታግያለሁ። ሲገባቸው ጥያቄ ይጨምራሉ። «ታዲያ ክረምት ፀሐይ ሳይኖር እንዴት ይበቅላል?» መልሱን ካላወቅሁ በማግስቱ ቲቸርን እጠይቃለሁ።

እሳቸው ፊደል የቆጠሩት ልጅ ከወለዱ በኋላ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ገበሬ ነበሩ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ በዓለም አቀፍ ደረጃም በዩኔስኮ በኩል ሽልማት አግኝቷል። እሳቸው ግን የሚያስታውሱት ሽልማቱን አይደለም። ከልጃቸው ጋር እኩል «ሀ ሁ» ሲሉ መንደርተኛው እንዴት እንደሳቀባቸው ይነግሩኛል። «ሳቁ፣ ሳቁና ደከማቸው። እኔ ግን ደብዳቤዬን ለሰው ማስነበብ ቀረልኝ» ይሉ ነበር። ከማንም ምክር ይልቅ ይህ ለእኔ ጉልበት ሆኖኛል። አንቺም ዙሪያሽን ተመልከቺ። ከአንቺ በፊት ተስቆበት የነበረ ሰው በየግቢው አለ። ጠይቂው፣ ይነግርሻል።

ውጤት ሲያስደነግጥሽ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በ2014ቱ ፈተና ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ እንዳላሳለፉ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ተናግሯል። በዚያ ሰሞን ለማታ ተማሪዎች የተነገራቸው ቃል ልቤን አቁስሎታል። «የቀኑ ያልቻለውን እናንተ?»

ቁጥሩን በደንብ እዪው። ከመቶ ተፈታኝ 97ቱ ከወደቁ ነገሩ ከአንድ ልጅ ጭንቅላት በላይ ነው። መጽሐፍ ያልደረሰው ትምህርት ቤት አለ፤ የፊዚክስ አስተማሪ ሳያገኝ ዓመቱ ያለቀበት ክፍል አለ። ውጤትሽ የሚናገረው ስለ ዝግጅትሽና ስለ ተማርሽበት ሁኔታ ነው። ዝግጅት ደግሞ ይሻሻላል።

ውጤት ሲወጣ ብቻሽን ወይም ከዚያ አንድ ሰው ጋር ሆነሽ እዪው። አሠሪሽ ሳሎን እንግዶች ፊት አትክፈቺው። ጥሩ ካልሆነ አልቅሺ፣ ማልቀስ ነውር የለውም። ያን ቀን ግን ምንም አትወስኚ። ደብተርሽን አትቅደጂ። «ዓረብ አገር እሄዳለሁ» ብለሽ ለደላላ አትደውዪ። ትንሽ ቀናት ቆይተሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ።

ከ600 240 መጣልሽ እንበል። ግማሹ 300 ነው። የጎደለሽ 60 ነጥብ ነው። ለስድስት ትምህርት ሲካፈል በየትምህርቱ 10 ነጥብ። «ወደቅሁ» የሚለው ቃል ያስፈራል፤ 10 ነጥብ ግን ሊሠራበት የሚችል ነገር ነው። አሁን በየትምህርቱ ያመጣሽውን ጻፊ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው ወደ ታች የጎተቱሽ። አፕቲቲዩድን፣ ማለትም የማመዛዘን ችሎታ ፈተናውን፣ ሳያጠናው የሚገባ ልጅ ብዙ ነው፤ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ቴሌግራም ላይ ሞልተዋል፣ ሠርተሽ ልመጂው።

መንገዱም አንድ ብቻ አይደለም። 50 በመቶ ላልሞላላቸው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ፤ የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ስለሚወሰን የዓመትሽን ተከታተዪ። በግል ተፈታኝነት ደግሞ መፈተን ይቻላል። ቴክኒክና ሙያም አለ። ሰዎች ቴክኒክና ሙያን የወደቀ ሰው የሚገባበት አድርገው ያወራሉ። እኔ የምበላው እንጀራ ከዚያ የመጣ ስለሆነ በዚህ አልስማማም። ሙያ ይዘሽ ትወጫለሽ፣ ሲኦሲ ካለፍሽ ሥራ ትጠይቂበታለሽ፣ ዲግሪውን እየሠራሽ ትቀጥያለሽ።

ሳይጠሩሽ ተዘጋጂ

በ2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ታምራት ቶላ በማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፤ ያን ይዞ ተጠባባቂ ተባለ። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ፣ ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ታምራት ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን በዚያ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት መንገድ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። የማራቶን አቋም በሁለት ሳምንት አይሠራም። ማንም ሳይጠራው ልክ እንደሚሮጥ ሰው ሆኖ ሲዘጋጅ ከርሟል ማለት ነው።

ለእኛም እንደዚያ ነው። የቴክኒክና ሙያ ትምህርቴን እንደጨረስኩ በሙያዬ ሥራ አላገኘሁም። በአንድ ድርጅት ጽዳትና ሻይ ገባሁ። በዕረፍት ቀኔ ግን ኮምፒውተር ማሠልጠኛ እየሄድኩ ኤክሴልና ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም እለማመድ ነበር። ጓደኞቼ «ለመጥረጊያ ኮምፒውተር ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። ሐምሌ ላይ፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሒሳብ ክፍሉ በሥራ በተጨናነቀበት ሰዓት አንዷ ጸሐፊ ሥራ ለቀቀች። ደረሰኞች በካርቶን ተከምረዋል። ኃላፊው ጋ ሄጄ «በቀንና በቁጥር ላስተካክላቸው?» አልኩት። ገረመው። «አንቺ? ትችያለሽ?» አለኝ። የማስረጃው ደብተር እዚህ ጋ ነው የጠቀመኝ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ያን ሥራ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። «ዛሬ ጥቂቱን ልሥራና እዩት» አልኩ። የፔቲ ካሹን፣ ማለትም የጥቃቅን ወጪዎቹን፣ ደረሰኞች ለይቼ፣ ድምሩን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሬ፣ የማይገጥመውን በእርሳስ ምልክት አድርጌ ሰጠሁት። በማግስቱ ሁለተኛውን ካርቶን ራሱ አመጣልኝ።

እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅም። ስለዚህ ሲቪሽ ዛሬ ይጻፍ። የትምህርት ማስረጃሽ ኮፒ ሁለት ሦስት ይኑርሽ። ከፍ ያለውን ሥራ ስትጠይቂ ደግሞ ስለ ሕልምሽ አታውሪ፤ ትንሽ ሥራ ስጡኝና እዩ በዪ። ሰው ሊከራከረው የሚከብደው የተሠራ ነገር ነው።

ከአገር ቤት ሲደወል

«እነ እገሊት ቤት ሠሩ፣ አንቺ ገና ትማሪያለሽ?» የሚል ስልክ ይመጣል። ዓረብ አገር ሄደው ቤተሰብ ያነሱ እህቶቻችን ክብር ይገባቸዋል፤ ከእነሱ ጋር አትፎካከሪ፣ አታንቋሽሺያቸውም። መንገዱ ተለያየ እንጂ ድካሙ አንድ ነው። ለቤተሰብ የሚገባቸው የሚታይ ነገር ነው። ስለዚህ በየሴሚስተሩ ካርድሽን ፎቶ አንስተሽ ለታናሽ ወንድምሽ ላኪና ለእናትሽ ያንብብላት። ማኅተም ያለበት ወረቀት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ስለ ማታው መንገድ ስትጨነቅ ደግሞ በአንድ ሰፈር የምትማሩ ሆናችሁ አብራችሁ እንደምትመለሱ ንገሪያት። የእውነትም አብራችሁ ተመለሱ፤ ብቻሽን አትሂጂ።

ገና ላልጀመርሽው

ምዝገባ ብዙ ቦታ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው፤ በአቅራቢያሽ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ቀደም ብለሽ ጠይቂ። የመጨረሻ ክፍልሽ ካርድ፣ ከነበርሽበት ትምህርት ቤት መሸኛ፣ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ አዘጋጂ። ካርድሽ ገጠር ከሆነ አሁኑኑ ደውዪ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤቱ ዝግ ሊሆን ስለሚችል ሰኔ ሳያልቅ ዘመድ ሄዶ ያውጣልሽ፤ በሚታመን ሰው እጅ ይላክ እንጂ ለማታውቂው ሾፌር አይሰጥ። ለምዝገባ ጠዋት የአንድ ሰዓት ፈቃድ ይበቃሻል፤ አሠሪሽን አስፈቅደሽ ሂጂ። መዝጋቢው «ይጎድላል፣ ነገ ነይ» ካለሽ የጎደለው ወረቀት ምን እንደሆነ እዚያው አስጽፈሽ፣ እስከ መቼ እንደሚመዘግቡ ጠይቀሽ ተመለሺ።